ማጨስ ካቆምኩ በኋላ ቡና እንቅልፍ የሚነሳኝ ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ጸደይ
ለትኩረት ማነስ ችግር ሐኪም ያዘዘልኝን ሜቲልፌኒዴት ጠዋት ጠዋት እወስዳለሁ። ሲጋራ ካቆምኩ ወዲህ ግን፣ የቡናዬን መጠን ሳልጨምር፣ ልቤ በኃይል ይመታል፤ ሌሊትም እንቅልፍ አጣለሁ። መድኃኒቱ በሰውነቴ ውስጥ እየተጠራቀመ ይሆን? የሎሚ ጭማቂ በብዛት ብጠጣ ቶሎ እንደሚወጣልኝ አንድ ወዳጄ ነግሮኛል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ሽመላ
ከመድኃኒቱ በፊት ቡናውን ይጠርጥሩ። ካፌይንን በአብዛኛው የሚሰባብረው ሲዋይፒ 1ኤ2 የተባለ የጉበት ኢንዛይም ሲሆን፣ የሲጋራ ጭስ ይህ ኢንዛይም በብዛት እንዲመረት ስለሚያደርግ ካፌይን ከአጫሾች ደም የሚወገደው ከማያጨሱት በእጥፍ ገደማ ፈጥኖ ነው። ማጨስ ሲቆም ኢንዛይሙ በቀናት ውስጥ ስለሚቀንስ የለመዱት ሲኒ ይበረታብዎታል። በማያጨስ ጤናማ ሰው ደም ውስጥ ያለው ካፌይን በግማሽ ለመቀነስ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ከቀትር በኋላ በ8 ሰዓት ከጠጡት ሩብ ያህሉ እኩለ ሌሊት ላይም አለ።

መልስ፦ ማለዳ
ኢንዛይሙን የሚቀሰቅሱት በጭሱ ውስጥ ያሉ ሌሎች ኬሚካሎች እንጂ ኒኮቲን ስላልሆነ፣ የኒኮቲን መለጠፊያ ቢጠቀሙም ለውጡ አይቀርም።

መልስ፦ ፋርማሲስቱ
የሜቲልፌኒዴት መንገድ ሌላ ነው። ካርቦክሲልኤስተሬዝ 1 የተባለ የጉበት ኢንዛይም፣ የማነቃቃት ኃይል የለውም ሊባል ወደሚችል ሪታሊኒክ አሲድ ይለውጠውና በሽንት ይወገዳል። መጠኑ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ በታዘዘልዎ መሠረት ጠዋት ብቻ እስከወሰዱት ድረስ ከቀን ወደ ቀን አይጠራቀምም። የወዳጅዎ ምክር አምፌታሚን ከተባለ ሌላ አነቃቂ መድኃኒት ጋር የተምታታ ይመስለኛል፤ አምፌታሚን በከፊል ሳይለወጥ በኩላሊት ስለሚወጣ የሽንት አሲድነት ሲጨምር ይፈጥናል፣ ሲቀንስ ይዘገያል፤ ሜቲልፌኒዴት ግን ኩላሊት ሳይደርስ በአብዛኛው ስለሚለወጥ ሎሚው አይረዳዎትም። (አልኮል ከተጨመረ ጉዳዩ ይለያል፤ ያው ኢንዛይም ኢቲልፌኒዴት የተባለ ሌላ አነቃቂ ይሠራል።) መድኃኒቱና ካፌይኑ ሁለቱም የልብ ምትን ስለሚጨምሩ ግን አንዱ የሌላውን ጫና ያከብደዋል።

ጥያቄ፦ ጸደይ
አመሰግናለሁ። በቅርቡ ለኢንፌክሽን ሲፕሮፍሎክሳሲን ታዞልኛል፤ ይህም ያገባዋል?

መልስ፦ ፋርማሲስቱ
በሚገባ፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያንኑ ሲዋይፒ 1ኤ2 ስለሚያግድ ካፌይን የባሰ ይቆያል። መድኃኒቱን እስኪጨርሱ ቡናውን ይተዉት፤ ከዚያም ከቀድሞው ግማሽ ያህሉን፣ በጠዋት ብቻ ይጠጡ። ሜቲልፌኒዴቱን ግን በራስዎ አይቀንሱ፤ የልብ ምትዎ ካልተረጋጋ፣ ደረትዎን ካመመዎ ወይም ራስዎን ከሳቱ ሳይዘገዩ ይታዩ።