«ማንበብ ሲያቅተው ነው የሚሮጠው» ስለተባለው

አምስት ቁጥር፦
ሰሞኑን በአንድ የአማርኛ የስፖርት ውይይት ላይ ስለ አሜሪካ ፉትቦል ሲወራ «ሯጭ ኳርተርባክ ማለት ዲፌንስ ማንበብ ሲያቅተው የሚሮጥ ኳርተርባክ ነው» ተባለ። ኳርተርባክ ኳሱን ተቀብሎ የሚወረውረው ወይም ለሌላ የሚሰጠው የቡድኑ መሪ ነው፤ ዲፌንስ ማንበብ ደግሞ ተከላካዮቹ ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ማወቅ ነው። ከተወያዮቹ አንድም የተቃወመ የለም፤ ዝም ብለው ወደ ሌላ ርዕስ አለፉ። ያንገበገበኝ እሱ ነው። የዋሽንግተኑ ጄይደን ዳንኤልስ በ2024 (እ.ኤ.አ.) ገና በመጀመሪያ ዓመቱ 891 ያርድ ሮጦ የጀማሪ ኳርተርባኮችን ሪከርድ ሰበረ። በዚያው ዓመት ከወረወራቸው ኳሶች 69 በመቶው ተይዘውለታል፤ 25 ታችዳውን (ኳሱ የተቃራኒ ጎል መስመር አልፎ የሚያስገኘው ነጥብ) ወርውሯል። ዋሽንግተን 12 ጨዋታ አሸንፋ እስከ ኤን ኤፍ ሲ (ከሊጉ ሁለት ምድቦች አንዱ) ፍጻሜ ደረሰች። ማንበብ ያቃተው ልጅ ነው ይህን ያደረገው?

ጋሽ ቡርጋንዲ፦
ልጄ፣ አነጋገሩ ሻከረ እንጂ ፍሬ ነገሩ ልክ ነው። ፍጻሜው ላይስ ምን ሆነ? ፊላደልፊያ 55 ለ 23 ሸኘችን። ቆሞ የሚወረውረው ቶም ብራዲ በ23 የውድድር ዘመን በእግሩ ያገኘው ሁሉ ቢደመር 1,123 ያርድ ነው፤ ሱፐር ቦውሉ (የሊጉ ዋንጫ) ግን ሰባት። ኳሱ በሁለት ሰከንድ ተኩል ገደማ ከእጁ ይወጣል። ለምን? ስናፑ (ጨዋታውን የሚያስጀምረው ቅብብል) ሳይመጣ ሴፍቲዎቹ (የኋላ ተከላካዮቹ) የት እንደቆሙ አይቶ፣ ማይክ ላይንባከሩን (የመሃል ተከላካዩን) በጣቱ ጠቁሞ፣ ብሊትዙ (ኳርተርባኩን ለመጣል ተጨማሪ ተከላካይ መላክ) በየት በኩል እንደሚመጣ ገምቶ ጨርሷል። የሚሮጠው ልጅ ግን የመጀመሪያውን ሪሲቨር (ኳስ ተቀባይ) ያያል፤ እሱ ከተያዘ ዓይኑ ወደ ታች፣ ወደሚመጡበት ሰዎች ይወርዳል። ዓይን አንዴ ከወረደ ሃያ ያርድ ላይ ብቻውን የቆመ ሰው ቢኖርም አይታይም።

ሐምራዊዋ፦
ጋሼ፣ በአክብሮት እመልስልዎታለሁ። ብራዲ በ23 ዓመት 1,123 ያርድ ካሉ፣ የባልቲሞሩ ላማር ጃክሰን በ2019 ብቻ 1,206 ሮጧል። በዚያው ዓመት 36 ታችዳውን ወርውሮ መራጮቹ አንድም ሳይቀሩ ኤም ቪ ፒ (ምርጥ ተጫዋች) ብለውታል። በ2024 ደግሞ 41 ታችዳውን፣ 4 ኢንተርሴፕሽን። አራት! ማንበብ ያቃተው ሰው ዓመቱን ሙሉ ወርውሮ አራት ኳስ ብቻ ነው የሚያስወስደው? ሌላው ደግሞ፣ ዞን ሪድ ራሱ ስሙ ንባብ ነው። የሚሮጠው አንብቦ ነው።

የግራ ታክል፦
እዚህ ላይ እሷ ልክ ናት። ዞን ሪድ ላይ የመስመር ሰዎች አንዱን ዲፌንሲቭ ኤንድ (የጠርዝ ተከላካይ) ሆን ብለው ሳይነኩት ያልፉታል። ኳርተርባኩ ኳሱን ረኒንግ ባኩ (ኳስ ተቀብሎ የሚሮጠው) ሆድ ላይ ያስገባል፣ ግን እጁን አይለቅም። ዓይኑ ኤንዱ ትከሻ ላይ ነው። ትከሻው ወደ ውስጥ ከዞረና ረኒንግ ባኩን ካሳደደ ኳሱን ነጥቆ በውጭ በኩል ይወጣል፤ ኤንዱ ባለበት ቀጥ ብሎ ከቆመ ለረኒንግ ባኩ ይለቅለታል። ውሳኔው ከአንድ ሰከንድ በታች ነው። ዘግይቶ ከነጠቀ ሁለቱም ኳሱን ይጎትቱታል፣ ከዚያ ኳሱ መሬት ላይ ነው።

ጥቅሙ ሂሳብ ነው። ተራ ኳርተርባክ ኳሱን ሰጥቶ ሲቆም እኛ በአስር እንጫወታለን፣ እነሱ በአስራ አንድ። ኳርተርባኩ የሚሮጥ ከሆነ ያ ያልተነካው ኤንድ ማንም ሳይነካው ከጨዋታ ወጣ፤ እኩል ሆንን። ትርፍ ሰው ለማግኘት አንዱን ሴፍቲ ከኋላ ማምጣት አለባቸው። ሴፍቲው ሲወርድ ኋላ የሚቀረው አንድ ብቻ ነው፤ የመሃሉ ሜዳ ይከፈታል።

ጋሽ ቡርጋንዲ፦
አመሰግናለሁ፣ በደንብ አስረዳኸኝ። ግን ራስህ መሰከርክ፤ የሚያነበው አንድ ሰው ነው። አንድ ትከሻ! የፖኬት ሰው (በመስመር ሰዎቹ ከለላ ውስጥ ቆሞ የሚወረውረው) የሚያነበው ሰባት ሰው ነው፣ ያውም ሦስት መቶ ፓውንድ የሚመዝኑ ሰዎች ፊቱ ላይ እየመጡበት። ይህንና ያንን ሁለቱንም «ንባብ» ማለት ፊደል የቆጠረና ቅኔ የሚፈታ አንድ ነው እንደማለት ነው።

ሐምራዊዋ፦
ላማር 41 ታችዳውን የወረወረው ትከሻ አይቶ ነው እንዴ? ሰባቱንም ያነባል፣ ስምንተኛውን ኤንዱንም ያነባል። የእርስዎ ሰው ስምንተኛውን አያነብም፤ አያስፈልገውማ፣ አይሮጥም!

አምስት ቁጥር፦
ሂሳቡን በቁጥር ላስደግፈው። በ2024 ሴይክዋን ባርክሊ ከፊላደልፊያው ሯጭ ኳርተርባክ ከጄለን ኸርትስ ጎን ሆኖ 2,005 ያርድ ሮጠ። ዴሪክ ሄንሪ ከላማር ጎን ሆኖ 1,921። ወደ ኋላ ብንሄድ በ2012 የዋሽንግተኑ ኳርተርባክ ሮበርት ግሪፈን ሲሮጥ አልፍሬድ ሞሪስ በአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ በስድስተኛ ዙር የተመረጠ ጀማሪ ሆኖ 1,613 ያርድ አመጣ። ኤንዱ ኳርተርባኩን ሲጠብቅ ረኒንግ ባኩ ያርዱን ይበላል።

ጋሽ ቡርጋንዲ፦
ሄንሪ በ2020 ቴነሲ እያለ 2,027 ሮጧል። ኳርተርባኩ ማን ነበር? ራያን ታነሂል። እሱም ሯጭ ነው ልትሉኝ ነው?

ሐምራዊዋ፦
በደንብ አድርጌ እላለሁ! ታነሂል ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም እያለ ሪሲቨር ሆኖ የተጫወተ ሰው ነው። በዚያው በ2020 በእግሩ 7 ታችዳውን አግብቷል። የሄንሪ ዓመት ያማረው ታነሂል ኳሱን ደብቆ በቡትሌግ ስለሚወጣ ነው።

ጋሽ ቡርጋንዲ፦
ቡትሌግ ሩጫ አይደለም! ከፖኬት ወጥቶ መወርወር ነው። ጆ ሞንታናም ያደርገው ነበር። በዚህ ዓይነት እግር ያለው ሁሉ ሯጭ ሊባል ነው።

የግራ ታክል፦
ታነሂልን ተዉት፣ አያዋጣም። እኔ ለጋሽ ቡርጋንዲ ወገን አንድ ነገር ልጨምር፤ ማንም ያነሳው የለም። ሳክ፤ ኳርተርባኩ ኳሱን ሳይወረውር መጣሉ። ጀስቲን ፊልድስ በ2022 ቺካጎ 1,143 ያርድ ሮጦ በዚያው ዓመት 55 ጊዜ ሳክ ተደረገ። ቡድኑ 3 ብቻ አሸነፈ። ብዙ ሰው የመስመሩ ጥፋት ነው ይላል፤ ግማሹ አይደለም።

የግራ ታክል (ኳርተርባኩን በግራ በኩል የሚከልለው የመስመር ሰው) የሚጠብቀው ሰው አይደለም፣ ቦታ ነው። ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚሠራው፤ ኳርተርባኩን አያየውም። ኳርተርባኩ ከስምንት ያርድ ገደማ እንደማይርቅ አምኖ ኤንዱን ከዚያ ነጥብ ኋላ ዙሮ እንዲሄድ ይገፋዋል። ኳርተርባኩ እግሩን ተማምኖ ወደ አስራ አንድ ያርድ ከሸሸ፣ ታክሉ ኤንዱን እየገፋ የሚያደርሰው በቀጥታ ኳርተርባኩ ደረት ላይ ነው። ታክሉ ሥራውን በትክክል ሠርቶ ሳኩ በእሱ ይጻፋል። ዞሮ ሲሸሽ ደግሞ ታክሉ የያዘውን ሰው አቅጣጫው ስለተቀየረ ይጎትተዋል፤ ሆልዲንግ፣ አስር ያርድ ወደ ኋላ።

በሌላ በኩል፣ የሚሮጥ ኳርተርባክ ሲኖር ኤንዶቹ እንደልባቸው አይመጡም። ወደ ውስጥ ተሽከርክሮ መግባት ክልክል ይሆንባቸዋል፣ ጠርዙን ትቶ ከገባ ልጁ በዚያ በኩል ያመልጣላ። ፍጥነታቸው ይቀንሳል። ጆሽ አለን በ2024 ኤም ቪ ፒ ሲሆን ዓመቱን ሙሉ ሳክ የተደረገው 14 ጊዜ ብቻ ነው። እግሩን ሳኩን ለማምለጥ ተጠቀመበት እንጂ ኳስ ይዞ ለመቆየት አልተጠቀመበትም። ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው።

ጋሽ ቡርጋንዲ፦
ይኸው! ፊልድስን ማን አነሳ? እናንተ አላነሳችሁትም። 55 ጊዜ የወደቀው ማንበብ ስላቃተው አይደለም?

አምስት ቁጥር፦
አንድ ልጅ አቃተው ማለት የሚሮጥ ሁሉ አቃተው ማለት አይደለም። በዚያው በ2022 ራስል ዊልሰንም ዴንቨር ላይ 55 ጊዜ ወድቋል፤ ያን ዓመት የሚሮጥ ዊልሰን የት ነበር?

ጋሽ ቡርጋንዲ፦
እሺ፣ ጉዳቱስ? ግሪፈንን የረሳ የዋሽንግተን ደጋፊ አለ? ጃንዋሪ 2013፣ ከሲያትል ጋር፣ 14 ለ 0 እየመራን። ጉልበቱን ይዞ እያነከሰ ተጫወተ፣ ጅማቶቹ ተበጠሱ፣ 24 ለ 14 ተሸነፍን። ያ ልጅ ከዚያ በኋላ ያው ልጅ አልሆነም። አሁን ደግሞ ዳንኤልስ። በ2025 ከሲያትል ጋር ሲሮጥ ጎል መስመር አጠገብ ወድቆ የግራ ክርኑ ከቦታው ወጣ። ያው ፊልም ለሁለተኛ ጊዜ ነው።

አምስት ቁጥር፦
ጋሼ፣ ጨዋታው 38 ለ 7 ሆኖ አራተኛ ኳርተር ላይ ነበር! ያ የሯጭ ኳርተርባክ ችግር አይደለም፣ በ31 ነጥብ እየተመራ ሜዳ ላይ ያቆየው ሰው ችግር ነው። የግሪፈንም ጉልበት መጨረሻ ላይ የከዳው ዝቅ ብሎ የመጣ መጥፎ ስናፕ ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ነው። እየሮጠ አልነበረም።

ጋሽ ቡርጋንዲ፦
ጉልበቱ ቀድሞ የተጎዳው ግን በዲሴምበር ከባልቲሞር ጋር ከፖኬት ወጥቶ ሲሮጥ ነው። ይህንን አታልፈው።

ሐምራዊዋ፦
የዋሽንግተን ሰው ስለ ፖኬት ደህንነት ሲያወራ ይገርመኛል። ጆ ታይስማን እግሩ የተሰበረው ኅዳር ወር፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 18 ቀን 1985፣ አርኤፍኬ ስታዲየም ላይ፣ ፖኬት ውስጥ ቆሞ ነው። ሎረንስ ቴይለር ከኋላ መጣበት። አሌክስ ስሚዝ እግሩ የተሰበረው ኖቬምበር 18 ቀን 2018፣ ያው ቀን፣ ሳክ ሲደረግ። ሁለቱም ጨዋታዎች 23 ለ 21 አለቁ። ጆ በሮው በ2020 ጉልበቱ የተበጠሰው የእናንተው ሜዳ ላይ፣ ፖኬት ውስጥ። አሮን ሮጀርስ በ2023 ከጄትስ ጋር በጀመረ በአራተኛው ጨዋታ እንቅስቃሴ የተረከዙ ጅማት (አኪሊስ) ተበጠሰ፤ እሱም ሳክ ነው። ብራዲዎ ራሱ በ2008 የመጀመሪያ ጨዋታው ላይ ጉልበቱ የሄደው ቆሞ ሲወረውር ነው። የሚሮጠው ሰው የሚመታውን ያየዋል፤ ቆሞ የሚወረውረው ግን አያየውም።

የግራ ታክል፦
ይህ ብዙ ጊዜ የሚባል ነገር ነው፣ እውነትነትም አለው። ግን ሕጉን አስቢው። ፖኬት ውስጥ ያለን ኳርተርባክ ከጉልበት በታች መምታት፣ ጭንቅላቱን መምታት፣ ክብደትን ሁሉ ደረቱ ላይ ጥሎ መውደቅ ያስቀጣል። ኳሱን ይዞ ሲሮጥ ግን ስላይድ እስኪያደርግ (ራሱ ተንሸራቶ መሬት እስኪወርድ) ድረስ እንደማንኛውም ሯጭ ነው። ስላይዱም ጥበብ ይፈልጋል፤ እግርን አስቀድሞ፣ ተከላካዩ ገና ሁለት ሦስት ያርድ ሲቀረው። ወጣቶቹ አንድ ያርድ ለመጨመር ብለው ዘግይተው ይወርዳሉ፣ ተከላካዩ ግን ቀድሞ ተወርውሯል፣ አየር ላይ መመለስ አይችልም።

ፊላ ነኝ፦
ዘግይቼ መጣሁ። ሁላችሁም ዋንጫ የበላውን ረሳችሁ። ሱፐር ቦውል 59፣ ፌብሩዋሪ 2025፣ ኸርትስ 22 ወርውሮ 17 አስያዘ፣ በእግሩ 72 ያርድ ሮጠ፣ ኤም ቪ ፒ ሆነ። 40 ለ 22። 72ቱ በሱፐር ቦውል ታሪክ ኳርተርባክ ከሮጠው ሁሉ ይበልጣል፤ የሰበረውም የራሱን 70 ነው። ጉዳዩ ተዘጋ።

ጋሽ ቡርጋንዲ፦
ያን ዋንጫ የበላው ዲፌንሳችሁ ነው። አንድም ብሊትዝ ሳትልኩ የካንሳስ ሲቲውን ኳርተርባክ ማሆምስን ስድስት ጊዜ ጣላችሁት። ደግሞ የኸርትስን ታችዳውኖች አትቁጠርብኝ፤ ከኋላው ሁለት ሰው ገፍቶት አንድ ያርድ መግባት ሩጫ አይደለም።

ፊላ ነኝ፦
ተሽ ፑሽ (ያ ከኋላ ገፍቶ ማስገባቱ) ቀላል ከሆነ ለምን ሌላው አያደርገውም? በ2025 የቡድኖቹ ባለቤቶች ሊያግዱት ተሰበሰቡ፤ 24 ድምጽ ያስፈልግ ነበር፣ 22 አግኝተው ቀሩ። የእናንተው ፍራንኪ ሉቩ ያ 55 ለ 23 ያለቀው ፍጻሜ ላይ ሊያስቆመው በመስመሩ ላይ ደጋግሞ ቢዘል ዳኛው «ከደገማችሁ ታችዳውኑን እሰጣቸዋለሁ» እስከማለት ደረሰ።

የግራ ታክል፦
ተሽ ፑሽ የመሃል መስመር ጨዋታ ነው። ሴንተሩና ሁለቱ ጋርዶች ከተከላካዮቹ ዝቅ ብለው ካልገቡ ከኋላ አስር ሰው ቢገፋ ዋጋ የለውም። ስለ ኳርተርባክ ክርክር አያስረዳም።

ጋሽ ቡርጋንዲ፦
የኔን ዋና ነጥብ አንዳችሁም አልነካችሁትም። ስትመሩ መሮጥ ያምራል። ችግሩ በነጥብ ስትቀደሙ ነው! 2019 ባልቲሞር 14 አሸንፋ 2 ብቻ ተሸንፋ ገባች። ቴነሲ መጣ፣ ቀድሞ አገባ፣ ላማር 59 ኳስ ለመወርወር ተገደደ። 28 ለ 12። አራተኛ ዳውን (የመጨረሻው ሙከራ) ላይ አንድ ያርድ ሲቀር ሁለት ጊዜ በእግሩ ሞክሮ አስቆሙት። ንባብ የሚፈተነው እዚያ ነው።

ሐምራዊዋ፦
እሱን አልክድም፣ እስካሁን ያመኛል። ግን ጃንዋሪ 2024 ከካንሳስ ሲቲ ጋር 17 ለ 10 ስንሸነፍ ረኒንግ ባኮቻችን በድምሩ ለ6 ጊዜ ብቻ ነው ኳስ ይዘው የሮጡት። ዓመቱን ሙሉ ያሸነፍንበትን ጥለን ላማርን የፖኬት ሰው ልናደርገው ሞከርን። የተሸነፈው የእርስዎ ሐሳብ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምርና ልለፍ። «ማንበብ ያቃተው» የሚለው ቃል ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። ዋረን ሙን በ1978 ማንም ሳይመርጠው ካናዳ ሄዶ ከኤድመንተን ጋር በተከታታይ አምስት ዋንጫ በላ፣ ኋላ የዝና አዳራሽ ገባ። ሙን የፖኬት ሰው ነበር! ላማርም በ2018 ሪሲቨር ይሁን ተባለ። ጥቁር ኳርተርባክ ቆሞ ቢወረውርም ቢሮጥም ያው አንድ ቃል ነው የሚከተለው። እኛ የሐበሻ ልጆች ይህን ቃል ሳናኝክ ስንደግመው ደስ አይለኝም።

ጋሽ ቡርጋንዲ፦
እዚህ ላይ ከአንቺ ጋር ነኝ፣ ልጄ። ዳግ ዊሊያምስ በ1988 ሱፐር ቦውል ላይ በሁለተኛው ኳርተር ብቻ አራት ታችዳውን ወርውሮ ዴንቨርን 42 ለ 10 ሲያሸንፍ ያን ወሬ መዝጋት ነበረበት። ቃሉን አነሳለሁ። ሐሳቤን ግን አላነሳም፤ ዊሊያምስ ያን ያደረገው ፖኬት ውስጥ ቆሞ ነው።

አምስት ቁጥር፦
እሺ፣ ሦስተኛ ዳውን፣ ስምንት ያርድ ይቀራል። ማንን ትመርጣላችሁ?

የግራ ታክል፦
ዲፌንሱን ሳላይ አልመርጥም። ሁለት ሴፍቲ ኋላ ቆመው የቀሩት ማን ቱ ማን (ሰው ለሰው) ከያዙ ሯጩን፤ ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተው ሪሲቨር ይከተላሉ፣ መሃሉ ባዶ ነው፣ ስምንት ያርድ በነጻ። ዞን (ሰው ሳይሆን ቦታ የሚጠብቁ) ከሆነ ግን ዓይናቸው ሁሉ ኳርተርባኩ ላይ ስለሆነ አምስት ያርድ ላይ ይጠብቁታል፤ የፖኬቱን ሰው።

ጋሽ ቡርጋንዲ፦
እኔ ማሆምስን። ፖኬት ውስጥ ቆሞ።

ሐምራዊዋ፦
ማሆምስ ከመቼ ጀምሮ የእርስዎ ሆነ? ሱፐር ቦውል 58፣ ተጨማሪ ሰዓት፣ አራተኛ ዳውን ከአንድ ያርድ፣ ካልገባ ዋንጫው ሄደ፤ ኳሱን ይዞ 8 ያርድ ሮጠ። ትንሽ ቆይቶ በእግሩ 19 ያርድ ደገመ። በዚያ ጨዋታ ከካንሳስ ሲቲ ሁሉ ብዙ የሮጠው ማን ነበር? እሱ፣ 66 ያርድ። መጀመሪያ ይህን ይመልሱልኝ፣ ከዚያ ይውሰዱት።