ጥቆማ፦ ላጤ ነኝ፣ ውጪ መብላት ያዋጣኛል ወይስ ቤት ማብሰል?

ላጤው ጀሞ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ጥቆማ ፈልጌ ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ተከራይቼ ነው የምኖረው፣ ስራዬ ሜክሲኮ አካባቢ ነው፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ወጥቼ ማታ 2 ሰዓት ነው የምገባው ስለዚህ ቁርስም ምሳም እራትም ውጪ ነው። ደሞዙ ወር ሳይሞላ እልም ይላል። ጓደኞቼ ግማሹ ለአንድ አፍ ማብሰል ኪሳራ ነው፣ ዘይቱ ሽንኩርቱ መብራቱ ሲደማመር ያው ነው ይሉኛል፣ ግማሹ ደሞ አንተ እኮ ለምግብ ቤት ነው ተቀጥረህ የምትሰራው ብለው ይስቁብኛል። ባለ ሁለት ምድጃ ስቶቭና ትንሽ ፍሪጅ አለኝ፣ ምጣድ የለኝም፣ አከራዬም ገና ስገባ ምጣድ አይሰካም ብላኛለች። ምን ትመክሩኛላችሁ? እንጀራ፣ ባልትና፣ ኮንትራት ምናምን የምታውቁ ጠቁሙኝ።

የባልትና ልጅ፦
ወንድሜ "ውጪ ወይስ ቤት" ብለህ ከጠየቅክ እስከ ነገ ብንከራከር አንስማማም፣ ምግቡን ለይተህ ጠይቅ። ውጪ ሲበላ የሚያዋጣ ምግብ አለ፣ ውጪ ሲበላ ዝርፊያ የሆነ ምግብ አለ።

ዝርፊያው ሽሮ ነው። ሽሮ ፈሰስ ከፍለህ በምትበላበት ብር ባልትና ቤት ግማሽ ኪሎ ገደማ የተዘጋጀ ሽሮ ትገዛበታለህ፣ ላንድ ሰው አንድ ጊዜ የሚበቃው ደሞ 3 ወይ 4 የሾርባ ማንኪያ ነው፣ ሂሳቡን አንተው ስራው። ደግሞ ሽሮ 20 ደቂቃ የማይፈጅ ወጥ ነው፣ ማታ 2 ሰዓት ገብተህም ልብስህን እስክትቀይር ይደርሳል። ፍርፍርም እንደዛው፣ ከትናንት የተረፈ እንጀራ ነው እኮ ባክህ፣ ለሱ ጠዋት ካፌ ገብተህ የምትከፍለው ብር ያሳዝነኛል።

ውጪ የሚያዋጣው ደሞ በያይነቱ ነው። ይሄን ብዙ ሰው አያስበውም። ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ድንች በካሮት፣ ፎሶሊያ፣ ቀይ ስር፣ ጥቅል ጎመን፣ ከነሰላጣው ቤትህ ለብቻህ ልስራ ብትል የየአንዳንዱን ትንሹን መጠን እንኳን ብትገዛ ግማሹ ፍሪጅ ውስጥ ይበሰብሳል፣ ደሞ 7 ድስት ማን ያጥባል። ምግብ ቤት ግን ለ100 ሰው ስለሚሰራው ላንድ ሰው ሲካፈል ይረክሳል። ስለዚህ ረቡዕና አርብ ምሳህን በያይነቱ ብላ፣ በአብይ ጾም 55ቱንም ቀን የሚሰሩት እሱኑ ስለሆነ እጃቸው ተፍታቶ ይበልጥ ይጣፍጣል፣ ቶሎ ቶሎ ስለሚያልቅም ትኩስ ነው።

አሁን ቤት ማብሰል ሲባል ሁሌ የሚያሰለቸው ሽንኩርቱ ነው አይደል? ቁሌትህን አንዴ ስራው። እሁድ ሁለት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት አድቅቀህ ክተፍ፣ ዘይት ሳታደርግ ደረቁን ድስት ላይ ጣደው፣ መጀመሪያ የራሱን ውሃ ያወጣል፣ ውሃው ሲመጥ መያዝ ይጀምራል፣ ያኔ ጠብ ጠብ እያደረግክ ውሃ እየጨመርክ አቁላላው፣ ቀለሙ ወደ ቡና አይነት ሄዶ ሽንኩርትነቱ እስኪጠፋ ድረስ አትቸኩል። ከዛ ነው ዘይቱ፣ ከዛ በርበሬው፣ በርበሬ ደሞ ጥሬ ጥሬ እንዳይል አሁንም ውሃ ጠብ እያልክለት በደንብ ይብሰል፣ ነጭ ሽንኩርት ጨምረህ አውጣው። ሲቀዘቅዝ በትናንሽ ፕላስቲክ እቃ ከፋፍለህ ግማሹን ፍሪዘር ክተት። ከዛ በኋላ ማታ ማታ ስራህ አንዱን እቃ ማቅለጥ ብቻ ነው፣ ሽሮ በትንበት ሽሮ ነው፣ ምስር ጨምርበት ምስር ነው፣ ስጋ ካለህ ቀይ ወጥ ነው፣ ቋንጣ ካለህ የቋንጣ ፍርፍር። ብዙ ሰው "ጊዜ የለኝም" የሚለው በየቀኑ ከዜሮ ስለሚጀምር ነው።

ለእንጀራ ምጣድ ባይኖርህም አትጨነቅ። አከራይህም ወዳ አይደለም፣ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚስብ ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ሂሳቡም ያጣላል ብሬከሩም ይወርዳል። ደሞም ላጤ ሊጥ አቡክቶ 3 ቀን ጠብቆ አብሲት ጥሎ ሊጋግር አይደለም፣ ግዛ። ግን ከየትም አትግዛ። ሱቅ በር ላይ በላስቲክ ተጠቅልሎ የሚውለውን ተወው፣ ሰፈርህ ውስጥ የምትጋግር ሴት ፈልግና ደንበኛ ሁን፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ካለች ጥበቃዎቹ ያውቋታል። አገዛዙ ላይ ሁለት ነገር እይ። አንደኛ ትኩሱን በትኩሱ ላይ ደራርባ በላስቲክ ከሰጠችህ ከስሩ ይረጥብና ቶሎ ይሻግታል፣ በርዶ ይሁን። ሁለተኛ በማግስቱ ጠዋት ጠቅልለው፣ ጠርዙ ደርቆ ስንጥቅጥቅ ካለ ሩዝ በዝቶበታል ማለት ነው፣ ሩዝ የተቀየጠበት የዕለቱ ዕለት ነጭ ሆኖ ያምራል ሲያድር ነው ጉዱ። ንጹህ ጤፍ ሲያድርም ይለሰልሳል። ነጭ ካልሆነ የምትል ከሆነ ኪስህን ነው የምትጎዳው፣ ሰርገኛ ብላ፣ ዋጋውም ይሻላል እኔ እንደውም ጣዕሙን ከማኛ አስበልጠዋለሁ።

ባለ ምሳ ዕቃ፦
የባልትና ልጅ ጨረሰችው እኔ የምጨምረው ሂሳቡን ነው፣ አካውንታንት ስለሆንኩ ያመኛል 😅 ሜኑ ላይ የምታየው ዋጋ የምትከፍለው ዋጋ አይደለም። ሰርቪስ ቻርጅ 10 ፐርሰንት የሚያስከፍል ቤት ከገባህ 300 ብር የተጻፈው 330 ይሆናል፣ ቫት 15 ፐርሰንት ደሞ በ330ው ላይ ነው የሚሰላው፣ 379 ብር ከ50 ሳንቲም። ውሃና ማኪያቶ ስትጨምር፣ መኪና ጠባቂው፣ ጉርሻው... በቃ አንተ 300 በላሁ ትላለህ ኪስህ ሌላ ያውቃል። ቁጭ ከማለትህ በፊት ሜኑው ስር በትንሹ የተጻፈውን አንብብ፣ "ዋጋው ቫትን ይጨምራል" የሚል ቤት ይሻልሃል።

ለምሳ የኔ ጥቆማ የሰራተኛ ክበብ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ መስሪያ ቤት መአት ነው፣ ክበባቸው የውጪ ሰው የሚያስገባም አለ መታወቂያ አስይዘህ፣ ዋጋው ከመንገድ ማዶው ካፌ በግልጽ ይወርዳል፣ ምግቡ ቀላል ነው ግን የሚበላ ነው። 6 ሰዓት ተኩል ካለፈ ግን ወጡ አልቆ ፓስታ ብቻ ነው የምታገኘው፣ ቀደም በል።

ምሳ ዕቃ መያዝ የሚያፍር ካለ ደሞ ይተወው፣ ቢሮ ውስጥ ማይክሮዌቭ ካለ ግማሹ ሰራተኛ ይዞ ነው የሚመጣው። ሽሮ ብቻ አትያዝ፣ ሲደርቅ አይሆንም፣ ምስር ወይ ጎመን ወይ ፍርፍር ነው ለምሳ ዕቃ።

ጮማ ወዳጅ፦
ኧረ ስጋ ስጋ በሉ እንጂ ሰዎች ሁሉም ሽሮ ሆነ እኮ 😂

ስጋ ላይ የኔ አቋም፣ ጥሬና ክትፎ ውጪ፣ ጥብስ እንደሁኔታው፣ ቅቅልና ወጥ ቤት። ክትፎ ቤት ልስራ ብትል ስጋው ምንም ጅማት የሌለበት ቀይ መሆን አለበት፣ ቅቤው የተነጠረ፣ ኮረሪማ፣ ሚጥሚጣ፣ አይብ፣ ጎመን፣ ላንድ ሰው ብለህ ይሄን ሁሉ አትገዛም፣ የጉራጌ እጅ ያለበት ቤት ሄደህ ብላ ተደሰት በወር አንዴ። ልኳንዳ ስትሄድ ግን ሲስተሙን እወቅ፣ ወደ ቤት የሚወሰድ ስጋና እዛው የሚበላ ስጋ ዋጋው ይለያያል፣ ብዙ ሰው ይሄን ሳይጠይቅ ቁጭ ይላል። ለሁለት ሆናችሁ ግማሽ ኪሎ አስመዝናችሁ ጥብስ ብታስጠብሱ ሬስቶራንት ሁለት ሸክላ ጥብስ ከማዘዝ የተሻለ ስጋ ትበላላችሁ፣ ምክንያቱም ሸክላው ላይ ግማሹ ሽንኩርትና ጭስ ነው። ስትመዘን ቆመህ እይ፣ አጥንቱ ከነሱ ነው ወይ ከኪሎው ነው ብለህ ጠይቅ። ቄራም በለው 22 ማዞሪያም በለው ሰው የበዛበትን ግባ፣ ስጋው አያድርም።

ዶሮ ማነቂያ ብዬ እንዳልጠቁምህ በ2016 ከፒያሳ ጋር ፈረሰች፣ ካዛንቺስም ተከተለች፣ የምናውቃቸው ርካሽ ቤቶች ብዙዎቹ ተበትነዋል የት እንደገቡም አይታወቅም። ይሄ ራሱ ውጪ መብላትን አስወድዶታል ባይ ነኝ፣ በጠባብ ኪራይ ይሰሩ የነበሩት እናቶች ናቸው የጠፉት፣ የቀረው ፎቅ ስር ያለው ነው እሱ ደሞ ኪራዩን ካንተ ሳህን ላይ ነው የሚያወጣው።

ላጤው ጀሞ፦
ክበሩልኝ 🙏 ኮንትራትስ? መስሪያ ቤቴ አካባቢ አንዲት እናት ጓዳ አለች ለወር ምሳ በቅድሚያ ክፈል ብላኛለች ከነጠላው ትንሽ ቀንሳ። ዴሊቨሪስ ማታ ማታ እንዴት ነው?

ባለ ምሳ ዕቃ፦
ኮንትራት ጥሩ ነው ግን የወር አትክፈል፣ በሳምንት ጀምር። የማውቀው አንድ ቤት መጀመሪያው ሳምንት እንደ እናት አብልቶን ሶስተኛው ሳምንት ላይ ወጡ ውሃ ሆነ፣ ብሩ ተበልቷል ምን ትላለህ። የምትስማማ ከሆነ ያልበላህበት ቀን ይዛወርልኝ በላት፣ መዝገብ ላይ እየፈረምክ ብላ፣ ጾም ቀንም ፍስክ ቀንም ዋጋው አንድ ከሆነ ረቡዕና አርብ አንተ ነህ የምትከስረው ስለዚህ በዛ ተከራከር።

ዴሊቨሪ፣ ዴሊቨር አዲስም ቢዩም ሌሎቹም አሉ፣ በቴሌብር ምናምን መክፈል መቻሉ ይመቻል። ግን ጀሞ ድረስ የማድረሻው ሂሳብ አለ፣ የማሸጊያ የሚጨምሩ ቤቶችም አሉ፣ ያ ሁሉ ተደምሮ የሚመጣው እንጀራ በእንፋሎት ላብ አልቦት ነው። በርገርና ፒዛ ከሆነ ይሁን፣ እንጀራ ነክ ነገር በዴሊቨሪ አላዝም፣ አበቃ። ለብቻህ ሳይሆን ሶስት አራት ሆናችሁ ባንዴ ስታዙ ነው ማድረሻው የሚካፈለው።

የሰሚት እናት፦
ልጄ እኔ ደግሞ ማንም ያላነሳውን ልንገርህ፣ ተመላላሽ ያዝ። ብዙ ወንድ ልጅ ተመላላሽ ማለት ቤተሰብ ላለው ነው ይመስለዋል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ወይ እሁድ አንተ ቤት ባለህበት ግማሽ ቀን ትምጣ፣ ያችኛዋ ልጅ ያለችህን ቁሌት እሷ ትስራልህ፣ ሁለት ወጥ ትስራ፣ ጎመን ቀቅላ ታስቀምጥ፣ ልብስህንም ካጠበች ያው በአንድ ቀን ክፍያ ነው። የምትከፍላትን ውጪ ከምትበላው ጋር አስተያየው፣ ትንሽ ቀን ውጪ መብላት ብትተው ይሸፍነዋል። ብቻ በደላላ ከሆነ የደላላውን ክፍያ አስበው፣ ከተቻለ ግን ጎረቤት የምትሰራዋን ጠይቃት፣ ከሁለት ሶስት ቤት የምትሰራ ትመረጣለች ሰዎች ይመሰክሩላታል። ደግሞ ምሳዋን እዛው ትብላ፣ ታክሲዋንም አስብላት፣ ሰው አክብሮ ያሰራ ነው የሚጣፍጠውን የሚበላው።

በርበሬና ሽሮ እቤት አዘጋጃለሁ ብለህ አትድከም፣ ዛላ ገዝቶ ቀንጥሶ አስጥቶ አስፈጭቶ ለላጤ አይሆንም። እናትህ ክፍለ ሀገር ካሉ ለበዓል ስትሄድ ይዘህ ና፣ እናት የላከችው የትም የለም። ከሌለ ባልትና ቤት ስትገዛ መጀመሪያ ሩብ ኪሎ ብቻ ግዛና ቀምሰህ ተመለስ። ሽሮ ስትገዛ "ምጥን ነው ወይ" በል፣ በርበሬና ቅመሙ የገባበት ማለት ነው፣ ነጭ ሽሮ ከሰጡህ ቁሌት የግድ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ከማዶ ሆኜ ልጨምር፣ እዚህ አሜሪካ ደሞ አንዱ በያይነቱ ለሁለት ሰው ይበቃል፣ ግማሹን አስጠቅልለን ወስደን ማግስቱን እንበላዋለን፣ ቲፕ ሲጨመርበት ግን ቤተሰብ ይዞ መውጣት ከባድ ነው። እንጀራ ከሀበሻ ግሮሰሪ በፓኬት ገዝተን ወጡን ቤት ነው የምንሰራው፣ ሽሮና በርበሬ ግን ከሀገር ቤት ሰው ሲመጣ በሻንጣ ነው 😄

ላጤው ጀሞ፦
እናቴ እግዜር ይስጥልኝ፣ ስለተመላላሽ በፍጹም አላሰብኩም ነበር። ዶሮ ወጥስ ለበዓል? ሀገር ቤት ካልሄድኩ ውጪ ልብላ?

የባልትና ልጅ፦
ዶሮ ለብቻህ አትስራ፣ 12 ብልት ያንድ ሰው ምግብ አይደለም። ሽንኩርቱ ብቻ ሶስት ሰዓት ይፈጃል እንቁላሉ ቅቤው ገና ነው፣ የበዓል ሰሞን ዶሮና ሽንኩርት ዋጋቸው ሲሰቀል ደሞ አስበው። ምግብ ቤት ያለውም አንድ ብልትና አንድ እንቁላል በዶሮ ስም ነው። ከፎቁ ላጤዎች ጋር ሶስት አራት ሆናችሁ አዋጡ፣ የሰሚቷ እናት ያለችህ ተመላላሽ ዋዜማውን ትስራላችሁ፣ እሷም ለቤቷ የሚሆን ትውሰድ።

ላጤው ጀሞ፦
እሺ ተስማምቻለሁ። ቅዳሜ ሽንኩርት ልገዛ ነው፣ ሾላ ልሂድ ወይስ?

የባልትና ልጅ፦
ምን ሾላ ያስኬድሃል አንተ ጀሞ ሆነህ፣ አትክልት ተራ ኃይሌ ጋርመንት ሄዷል እኮ ቅርብህ ነው። ግን እዛ ጅምላ ነው የሚበዛው፣ ለሁለት ኪሎ ፊት አይሰጡህም፣ ጎረቤት ይዘህ ሂድና አንድ ጆንያ ለአራት ተካፈሉ። ካልሆነ የእሁድ ገበያ ሰፈራችሁ አካባቢ ይኖራል፣ ወይ ሸማቾች፣ ሸማቾች ጋ ዘይት ከመጣ ሽንኩርቱን ትተህ መጀመሪያ ዘይቱ ጋ ተሰለፍ። ሽንኩርቱ ደረቅና ጠንካራ ይሁን፣ አንገቱን ጫን ስትለው የሚለሰልሰውን አትውሰድ ከውስጥ ጀምሮታል።