የፓርቲ መሪ የነበረ ሰው ምርጫ ቦርድን ይምራ? የብርቱካን ሚደቅሳ ጉዳይ

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ብርቱካን ሚደቅሳ ዳኛ ነበረች፤ በ1997 ምርጫ የተወዳደረው የተቃዋሚዎች ጥምረት የቅንጅት ምክትል ሊቀመንበር ሆነች፤ ሁለት ጊዜ ታሰረች፤ አንድነት ፓርቲን መራች። ከአሜሪካ ተመልሳ ኅዳር 2011 የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆና ተሾመች፤ ሰኔ 2015 በጤና ምክንያት ለቀቀች። በፓርቲ ትግል ውስጥ ያለፈ ሰው ለዚያ ወንበር ይገባል?

ጠበቃው፦ አይገባም። ለእሳቸው ትልቅ አክብሮት አለኝ፤ ክርክሬ ከወንበሩ ጋር ነው። የቦርዱ ማቋቋሚያ አዋጅ 1133/2011 አባላቱ ከፓርቲ ነፃ እንዲሆኑ የሚያዘው ተሸናፊ ወገን ውጤቱን አምኖ እንዲቀበል ነው። ያሰራቸው መንግሥት ኢሕአዴግ ነው፤ ብልጽግና የወጣው ከዚያው ነው። ገዥው ፓርቲ ቢሸነፍ «ቂም አለባቸው» ይላል፤ ተቃዋሚው ቢሸነፍ «ተመሳጠሩ» ይላል። ሁለቱንም በር የሚዘጋ ሰው ነው የሚያስፈልገን።

የፈረንሳይ ልጅ፦ እሷ ያደገችበት የአዲስ አበባው ሰፈር ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው ያደግኩት፤ ስለዚህ እንደማደላ ልናገር። ግን ጠበቃው፣ ታሪኳን ከመሀል ነው የጀመርከው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ሳለች የስዬ አብርሃ መዝገብ ቀረበላት። የቀድሞው መከላከያ ሚኒስትር ከገዥዎቹ ጋር ተጣልቶ በሙስና የተያዘበት ጊዜ ነው። ስዬ የእሷ ወገን አልነበረም። ቢሆንም ሕጉ ይፈቅዳል ብላ ዋስትና ሰጠችው። ቤቱ እንኳ ሳይደርስ ከፍርድ ቤቱ በር ላይ መልሰው ያዙት! ትእዛዟ ደጅ ላይ ሲሻር ያየች ዳኛ ነች ከዚያ በኋላ ቀስተ ደመና ፓርቲ ውስጥ፣ ቀጥሎ ቅንጅት ውስጥ ያየናት። እኔ ወደ ፖለቲካ የገፋት ያ ቀን ነው ብዬ አምናለሁ። ታኅሣሥ 2001 ደግሞ ከመጀመሪያው እስር ስለወጣችበት ይቅርታ በስዊድን የተናገረችውን አስተባብይ ሲሏት «ቃሌ» ብላ ጽፋ እምቢ አለች፤ ሕፃን ልጇን ትታ እንደገና ወህኒ ወረደች። ለማይወዱት ሰው መብት መቆም፣ ቃልን አለማጠፍ። ለምርጫ ዳኛ ከዚህ የተሻለ ምን ፈተና አለ?

ጠበቃው፦ ድፍረት ነው፣ አልክድም። ድፍረት ያለው ሁሉ ግን ገለልተኛ አይደለም።

ታዛቢ 97፦ በግንቦት 1997 የምርጫ ወረፋ ላይ ያደርኩ ሰው ነኝ። ሁለታችሁም ስለ አንድ ሰው ነው የምታወሩት። በ2013 ምርጫ ትግራይ ድምፅ አልሰጠም። የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስ (ኦፌኮ) እና የኦሮሞ ነፃነት ግንባር (ኦነግ) አባሎቻችን ታስረዋል ብለው ከውድድሩ ወጡ። ከ436 የፓርላማ መቀመጫ ብልጽግና 410 ወሰደ። ሰብሳቢው ማንም ቢሆን ይህን የሚለውጥ ሥልጣን ነበረው? ፖሊሱንም ወህኒውንም ቦርዱ አያዝም። እንዲያውም የሚከበር ስም ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ሕዝቡ ሌላውን ጉድለት ማየት ያቆማል ብዬ እፈራለሁ። የእሷ ስም በትግል የተገኘ ነው፤ መንግሥት ተበደረው፤ ይህ ያመኛል።

ከሐዋሳ፦ የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ሲጓተት ደም ፈሷል። ኅዳር 10 ቀን 2012 ግን በሰላም ተካሄደ፤ ከ98 በመቶ በላይ ክልልነትን መረጠ። ያን ቀን ቦርዱ ለእኛ ስም ማስዋቢያ አልነበረም። በ2013 ደግሞ እዚሁ ሲዳማ የድምፅ መስጫ ወረቀት አልቆ ምርጫው በማግስቱ ቀጠለ። ሁለቱንም አይቻለሁ።

ምርጫ አስፈጻሚዋ፦ ሰኔ 14 ቀን 2013 አዲስ አበባ አንድ ጣቢያ ላይ ነበርኩ። ሰዓቱ ተራዝሞ እስከ ምሽት ሠራን፤ ቆጥረን ስንጨርስ ጣቴ ከመራጩ ጣት ብሶ ጠቁሯል። ውጤቱን በር ላይ ለጠፍን፤ ሰዎች በስልካቸው ብርሃን እያነበቡ ሄዱ። ታዛቢ 97 ስሟን ተበደሩት ላልከው፦ ድምፅ እየተሰጠ በነበረበት በዚያው ቀን፣ በአማራና በደቡብ ክልል የተቃዋሚ ወኪሎች ከጣቢያ እየተባረሩ ነው፣ ይህ ውጤቱን ጥያቄ ውስጥ ይከታል ብላ በአደባባይ የተናገረችው ራሷ ሰብሳቢዋ ናት። ስሟን ያበደረች ሰው እንዲህ ትላለች?

ታዛቢ 97፦ መናገሯን አስታውሳለሁ። ትክክል ነሽ፣ «ተበደረው» ያልኩት ከልክ አልፏል። መቀመጫው ግን ያው 410 ነው።

ጠበቃው፦ እንግዲያው ወደ ሕግ እንመልሰው። ከፓርቲ የወጣ ሰው 5 ዓመት ይቆይ፣ ከዚያ ይሾም።

የፈረንሳይ ልጅ፦ መስከረም 2003 ከእስር ወጥታ ከፓርቲ ሥራ ራቀች፤ ሃርቫርድ ተማረች፤ በ2011 ተሾመች። በራስህ መለኪያ አልፋለች።

ጠበቃው፦ አልፈዋል፤ እቀበላለሁ። ግን ይጻፍ። ቀጣዩ ተሿሚ በስሙ ሳይሆን በአንቀጽ ይግባ።

ምርጫ አስፈጻሚዋ፦ ለጣቢያ ሠራተኛም ይጻፍ። መራጩ ሰብሳቢዋን በቴሌቪዥን ነው የሚያያት፤ ወረቀቱን የሚቀበለው ከእኛ እጅ ነው።

ጠበቃው፦ ይጻፍ። ለጣቢያ 5 ዓመት ካልን ግን ሰው እናጣለን፤ 2 ይሁን።

ታዛቢ 97፦ 2 ያንሳል። ከምርጫ እስከ ምርጫ 5 ዓመት ነው፤ ባለፈው ለፓርቲ የቀሰቀሰው ሰው በሚቀጥለው ኮሮጆ ይዞ ይቀመጣል።