እህቴ እየሮጠች እየከሳች ነው፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች፣ ከጅማ ነው የምጽፈው። ታናሽ እህቴ 10ኛ ክፍል ናት፣ 3,000 ሜትር ትሮጣለች። በክረምቱ ጭቃ የተነሳ ልምምዷ ሁሉ አስፋልት ላይ ሆነ። አሁን ቅልጥሟ ላይ አንዲት ቦታ ሲነኳት ትጮኻለች፤ ማታም ይጠዘጥዛታል። የሩጫ ፍጥነቷ ቀንሷል። ከስታለች። ለእናታችን እንደነገረቻት የወር አበባዋም ከቀረ ወራት አልፏል።

አሰልጣኟ "ክብደት ስትቀንሺ ትፈጥኛለሽ" ይላታል። ይሄ አልዋጥልሽ ብሎኛል። በቂ ሳይበሉ ብዙ መሮጥ የወር አበባን ያስቀራል፣ አጥንትንም ያሳሳል። እሷ ደግሞ ጠዋት በባዶ ሆዷ ሮጣ፣ ቁርሷን ከቡና ጋር ቀመስ አድርጋ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ከምግቡ የሚያገኘውን ብረት ይቀንሳል። (የጅማን ልጅ ቡና ተይ በላት እስቲ!)

ራጅ ተነስታ "ምንም የለም" ተባለች። ግን ገና የጀመረ የአጥንት ስንጥቅ ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል አይደል?

አቁሚ ስላት ታለቅሳለች፤ ውድድሩ ደርሷል። ይህ የደረሰበት አለ? የአጥንት ሐኪም ይቅደም ወይስ የማህፀን? የደም ብረት ምርመራስ? አሰልጣኙን ሳላስቀይም እንዴት ላናግረው?