ለሰፈር ስብሰባ የትኛው ውይይት? ቦህም ወይስ ሀበርማስ?

ከሳቢያን፦
ድሬዳዋ ውስጥ 30 ያህል ነዋሪ ስለ ሰፈር ቆሻሻ የሚነጋገርበት መድረክ እየተዘጋጀ ነው። የፊዚክስ ሊቁን ቦህምን ያነበቡ "አጀንዳ አይኑር" ይላሉ፤ ጀርመናዊውን ፈላስፋ ሀበርማስን ያነበቡ "ማስረጃ ቀርቦ ይወሰን" ይላሉ። ሁለቱን ማጣመር ይቻላል? ሰዉ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ ስለሚናገር፣ በምን ቋንቋ ይመራ?

ከከዚራ፦
ወንድሜ፣ በአንድ ምሽት አታጣምራቸው። ዴቪድ ቦህም ያሰበው ከ20 እስከ 40 ሰው ክብ ሠርቶ የሚቀመጥበት፣ አጀንዳም ውሳኔም የሌለበት ንግግር ነው። የተናደደ ሰው ንዴቱን ሳያፍነውም ሳይተፋውም ከየት እንደመጣ እንዲያስተውል ነው። ቆሻሻ ደጁ ላይ የተከመረበት ሰው ግን ያለ ውሳኔ ከተሸኘ እንደ ንቀት ይቆጥረዋል፤ ሁለተኛ አይመጣም።

ለአንተ የሚበጀው ሀበርማስ ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. እንዳብራራው፣ ተናጋሪ ሁሉ ሦስት ነገር ይዞ ይነሳል፦ የምለው እውነት ነው፣ አግባብ ነው፣ ከልቤ ነው። ሰብሳቢው እነዚህን ይለይ። "መኪናው በወር ሁለቴ ብቻ መጣ" የእውነት ጉዳይ ነው፤ መዝገብ ይታያል። "የከፈለና ያልከፈለ እኩል አይገልገል" የአግባብ ጉዳይ ነው፤ መዝገብ አይፈታውም፣ ምክንያት ይቅረብበት። ስብሰባ የሚበላሸው አግባብ ሲነሳ "ለጥቅምህ ነው!" የሚል፣ ከልብ መሆንን የሚጠራጠር ክስ ሲመዘዝ ነው። ያኔ ምክንያቱ ተትቶ ሰውየው ይመረመራል።

ከጀጎል፣ ሐረር፦
ልክ ነው፤ ግን ምክንያት ብቻ ሲመዘን አንደበተ ርቱዕ ይጠቀማል። አሜሪካዊቷ የፖለቲካ ፈላስፋ አይሪስ ማሪየን ያንግ የተቸችው ይህንኑ ነው፤ ሰላምታና የራስን ታሪክ መተረክም የውይይቱ አካል ይሁኑ ትላለች። እኛ ዘንድ ሰላምታ ሳይጠግቡ ነገር መጀመርማ ነውር ነው፤ 15 ደቂቃ ስጠው።

ሁሉም አፉን በፈታበት ይናገር። ንግግሩ ግን ከ3 ደቂቃ አይለፍ፤ ሲረዝም ተርጓሚ ሊያሳጥረው፣ ምሬቱም ሊቀር ይችላል። የሚቃወም ሰው ደግሞ አስቀድሞ የሌላውን ሐሳብ፣ ባለቤቱ "አዎ፣ እሱን ነው ያልኩት" እስኪል ይድገመው። ዘዴው የአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ የካርል ሮጀርስ ነው፤ የትርጉም ስህተትንም ይይዛል።

ከሳቢያን፦
30 ሰው በ3 ደቂቃ፣ ወደ ሁለት ቋንቋ ሲተረጎም 4 ሰዓት ተኩል አይሆንም?

ከጀጎል፣ ሐረር፦
ይሆናል። መጀመሪያ ስድስት ስድስት ሆነው በ5 ቡድን ይነጋገሩ፤ ለጉባኤው ከየቡድኑ አንድ ሰው ይናገር። ግን በቋንቋ አትከፋፍላቸው፤ እያንዳንዱ ወገን አቋሙን አጠንክሮ ይመለሳል። አደባልቀህ፣ በየቡድኑ ሦስቱንም የሚሰማ አንድ ሰው አስቀምጥ። ድሬ እንዲህ ያለ ሰው አታጣም።