የጤና ኢንሹራንስ በግድ ይሁን አይሁን ለምትሉት፣ ከአዲስ አበባ መሃል

ወገኖች ሰላም ናችሁ። ሰሞኑን አሜሪካ ያላችሁት እዚህ ግሩፕ ላይ የያዛችሁትን የጤና ኢንሹራንስ ክርክር ዝም ብዬ ነበር የማነበው፣ ፕሪሚየሙ (ለኢንሹራንሱ በየወሩ የሚከፈለው) ጨምሮባችሁ የተናደዳችሁ ሰዎች እውነት አላችሁ፣ ግን ወሬው ከዋጋው ተነስቶ "እኔ ጤነኛ ነኝ፣ ማንም በግድ ኢንሹራንስ ግዛ ሊለኝ አይገባም" ወደሚለው ሲሄድ ዝም ማለት አቃተኝ። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ሜሪላንድ ኖሬ አሁን ያለሁት እዚህ አዲስ አበባ መሃል፣ ስታዲየም አካባቢ ነው፣ አብዛኛው ሰው ኢንሹራንስ የሚባል ነገር ሳይኖረው የሚታመምበት ከተማ ውስጥ ማለት ነው፣ እና ከዚህ ሆኜ ሳነበው ክርክሩ ሌላ ነው የሚመስለኝ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እናጥራ። የቨርጂኒያው ወንድማችን "ኦባማኬር በግድ እያስከፈለን ነው" ያልከው በፌደራል ደረጃ ከቀረ ቆየ እኮ። ኦባማኬር የሚባለው የጤና ኢንሹራንስ ህግ የወጣው እ.ኤ.አ. 2010 ነው (ከዚህ በኋላ የአሜሪካኑን ጉዳይ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ ኢንሹራንስ የመያዝ ግዴታው ከ2014 ጀመረ፣ ያልያዘ ሰው የሚከፍለው ቅጣት እየጨመረ ሄዶ 2016 ላይ ለአንድ አዋቂ 695 ዶላር ወይም ከገቢው 2.5 በመቶ፣ ከሁለቱ የበለጠው ሆነ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም 2012 ላይ 5 ለ 4 "ይሄ ታክስ ነው፣ ኮንግረስ ይችላል" ብሎ አሳልፎታል። ከዛ 2017 መጨረሻ ላይ የጸደቀው የታክስ ህግ ቅጣቱን ከ2019 ጀምሮ ዜሮ አደረገው፣ በቃ። አሁን ቅጣት ያለው የራሳቸውን ህግ ባወጡት ዘንድ ብቻ ነው፣ ዲሲ፣ ማሳቹሴትስ፣ ኒው ጀርሲ፣ ካሊፎርኒያ፣ ሮድ አይላንድ። ስለዚህ ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) ቢኖር አይቀጣም፣ መንገድ ተሻግሮ ዲሲ ቢኖር ይቀጣል። ቨርጂኒያ ያላችሁ ማንም በግድ እያስከፈላችሁ አይደለም፣ የመረራችሁ ሌላ ነገር ነው።

የመረራችሁ ድጎማው ነው። በኮሮና ጊዜ፣ 2021 ላይ፣ የማርኬትፕሌሱ (በኦባማኬር ሰው ለራሱ ኢንሹራንስ የሚገዛበት ገበያ) ድጎማ ከፍ ተደርጎ ነበር፣ በኋላ እስከ 2025 መጨረሻ ተራዘመ፣ ከዛ ኮንግረስ ውስጥ በሱ ጉዳይ ተጣልተው መንግስት 43 ቀን ተዘግቶም ሳይራዘም አበቃ። ኬኤፍኤፍ የሚባለው የጤና ፖሊሲ ተቋም ሲያሰላው ድጎማ የሚያገኝ ሰው ከኪሱ የሚያወጣው የዓመት ፕሪሚየም በአማካይ ከ888 ዶላር ወደ 1,904 ይሄዳል፣ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ከድህነት ወለሉ አራት እጥፍ በላይ የሚያገኘው፣ ለ2026 ላጤ ከሆነ ከ62,600 ዶላር በላይ፣ ጭራሽ ምንም ድጎማ የለውም። ይሄ ማንን ነው የሚመታው? ኡበር የሚነዳውን፣ ትንሽ ሱቅ የከፈተውን፣ ሬስቶራንት ያላትን እህታችንን፣ የኛን ሰው ነው የሚመታው፣ ምክንያቱም ከኛ ሰው የራሱ አሰሪ የሆነው ብዙ ነው። በዲቪ አዲስ የገቡት ደግሞ ባሰባቸው፣ አብዛኛው ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለሜዲኬድ (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው መንግስት የሚሰጠው መድን) አምስት ዓመት መጠበቅ አለበት፣ ድሮ ገቢው ከድህነት ወለል በታች ቢሆንም በማርኬትፕሌሱ ድጎማ ያገኝ ነበር፣ ከ2026 ጀምሮ እሱም ቀርቷል። አዲስ የመጣ ዘመድ ያላችሁ ስቴታችሁ በራሱ ገንዘብ የሚሸፍነው ነገር ካለ ዛሬውኑ ጠይቁለት።

በካምፓኒ በኩል ኢንሹራንስ ያላችሁም እኛን አይመለከትም አትበሉ፣ 2025 ላይ የአንድ ቤተሰብ ፕላን በአማካይ 26,993 ዶላር ነበር፣ ከሰራተኛው የሚቆረጠው 6,850 ገደማ ነው፣ የቀረውን አሰሪው ከፈለልኝ ብላችሁ ደስ ይላችኋል፣ ግን እኮ ደሞዝ ሆኖ ሊመጣላችሁ ይችል የነበረ ብር ነው። ዋጋው ብዙ ነው ለሚለው እኔም አብሬያችሁ እጮሃለሁ።

አሁን ወደ "ጤነኛ ነኝ" እንምጣ። እድር የሌለው ቤት የለንም፣ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ድረስ ይዘነው ሄደናል። እድር ውስጥ ሰው ሞቶበት ልመዝገብ ብሎ የመጣ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ፣ እንዴ! ቤቱ ሰው ሞቶ የማያውቅ ሰው "እኔ ለምን በየወሩ አዋጣለሁ" ቢል ዳኛው ስቆ ነው የሚሸኘው። የአሜሪካው ህግ ያደረገው አንድ ነገር ምንድነው፣ ኩባንያዎቹ "ስኳር አለብህ፣ ካንሰር ነበረብሽ" ብለው ሰው እንዳይመልሱ ከልክሏል፣ ይሄን ሁላችንም እንወደዋለን፣ የስንቶቻችን እናትና አባት ናቸው በሱ የገቡት። ግን በሩ ሁሌ ክፍት ከሆነና ማንም ሳይታመም ካልገባ በሽተኛው ብቻ ነው የሚቀረው፣ ፕሪሚየሙም የበሽተኛ ዋጋ ይሆናል። በርግጥ ቅጣቱ ዜሮ ሲሆን ገበያው ይፈርሳል ያሉት ሰዎች ትንቢታቸው አልሰመረም፣ አልፈረሰም፣ ለምን ቢባል በአመዛኙ ጤነኛውንም ውስጥ ያቆየው ድጎማው ነው። አሁን ግዴታውም የለም ድጎማውም አነሰ፣ ታዲያ መጀመሪያ ማን ነው የሚወጣው? የ27 ዓመቱ ልጅ ነው የሚወጣው፣ የ58 ዓመቷ እናት ትቀራለች፣ በሚቀጥለው ዓመት የሷ ፕሪሚየም ሲጨምር እሱ ደግሞ "አያችሁ፣ ኢንሹራንስ ሌብነት ነው" ይላል።

እዚህ ያለውን ልንገራችሁ። በ2002 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 690 ወጥቶ ነበር፣ ማህበራዊ የጤና መድን፣ ከሰራተኛው ደሞዝ 3 በመቶ፣ አሰሪው 3 በመቶ፣ ከጡረተኛው 1 በመቶ። ለዓመታት ይጀመራል ሲባል ሲራዘም ኖረ። የመንግስት ሰራተኛው አጉረመረመ፣ አልፈርድበትም፣ ከማትበቃ ደሞዝ ላይ ተቆርጦ ሄዶ መድሃኒት የለም ከተባለ ምን ይለዋል። ግን መዘግየቱ ወጪውን አላስቀረውም፣ ወደ ሌላ ሰው ነው ያዞረው። ሜክሲኮ አደባባይ ብትቆሙ ባነር የለበሰ መኪና ድምጽ ማጉያ ሰቅሎ የአንድ ወጣት ፎቶ ለጥፎ ለኩላሊት እጥበት ብር ይለምናል፣ ጎረቤቶቹ ሳጥን ይዘው በታክሲው መሃል ይሯሯጣሉ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በር ላይ ከክፍለ ሀገር የመጣ ሰው ሪፈር ወረቀቱን ይዞ ስልክ ይደውላል። ማን ጋ ነው የሚደውለው መሰላችሁ? እናንተ ጋ ነዋ!

የኔ ነጥብ ይሄ ነው። እናንተ ሁለት ፕሪሚየም ነው የምትከፍሉት። አንዱ ለዛኛው ኩባንያ በየወሩ የምትከፍሉት ነው፣ እሱ ጣሪያ አለው፣ ዲዳክቲብሉ (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሳችሁ የሚወጣው) ስንት እንደሆነ ወረቀት ላይ ተጽፏል፣ ትጨቃጨቁበታላችሁ። ሁለተኛው በዋትሳፕ የሚመጣው ነው፣ "አጎትህ ወድቋል፣ የግል ሆስፒታል አስገብተነዋል፣ ዲፖዚት አስይዙ እያሉ ነው፣ ቶሎ"። እሱ ጣሪያ የለውም፣ እምቢ ማለት አይቻልም፣ ከሱ የበለጠ ግዴታ ደግሞ አላየሁም። ባለፈው ጎረቤታችን እትዬ ስትሮክ መቷቸው አንድ የግል ሆስፒታል (ስሙ ይቅር) ስንደርስ መጀመሪያ የተጠየቅነው ስለ ግፊታቸው ሳይሆን ማን እንደሚከፍል ነው፣ ልጃቸው ዳላስ ነው፣ እዛ ሌሊት ነበር፣ ተነስቶ በካርዱ ተበድሮ ላከ። ይሄ ልጅ ባለፈው እዚሁ ግሩፕ ላይ "በግድ ማስከፈል ሶሻሊዝም ነው" ብሎ ጽፏል፣ ይቅርታ ወንድሜ ስምህን አላነሳሁም።

ስለዚህ ለዘመዶቻችሁ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድኑን አስመዝግቡላቸው፣ ሰዉ በአጭሩ "ጤና መድን" ነው የሚለው። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች 13 ወረዳ ላይ ተሞክሮ ነው የተስፋፋው፣ አዲስ አበባም ገብቷል። የሚመዘገበው ቤተሰብ እንዳለ ነው፣ አንዱን በሽተኛ ብቻ ነጥሎ ማስገባት አይቻልም (እድሩን አስታውሱ)፣ መዋጮው በዓመት አንዴ ነው፣ ወረዳው ላይ ነው የሚከፈለው፣ የድሃ ድሃ የሚባለውን መንግስት ይከፍልለታል። መዋጮው ስለሚከለስ ቁጥሩን ከኔ አትውሰዱ፣ ወረዳ ይጠየቅ፣ ግን የዓመቱ በግል ተቋም አንድ ኤምአርአይ ከሚነሳበት ያንሳል። ምዝገባና እድሳቱ ወቅት አለው፣ ካለፈ አለፈ፣ ለዛ ነው ደውላችሁ ማስታወስ ያለባችሁ፣ ብሩን ልካችሁ "ተመዝግበናል" ሲሏችሁ ደግሞ የካርዱን ፎቶ ላኩ በሏቸው፣ ዘመድ ነው ብላችሁ አትለፉት።

አላጋንነውም። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ነው የሚኬደው፣ እዛ ሪፈር ካልተጻፈ ዝም ብሎ ዘውዲቱ ወይ ምኒልክ ሆስፒታል ሄዶ መድን አለኝ ቢሉ አይሰራም። ወረፋው ሰው ያሰለቻል። መድሃኒት ብዙ ጊዜ "ውጭ ግዙ" ነው፣ ሰዉ መጀመሪያ ከነማ የሚባለውን የከተማውን መንግስት ፋርማሲ ይሞክራል፣ ከጠፋ የግል ፋርማሲ ነው፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ስላለፈ ከውጭ የሚገባ መድሃኒት ዋጋው አይነሳም። መነጽር፣ የሚተከል ጥርስ፣ ውጭ አገር ሄዶ መታከም አይሸፍንም፣ ቋሚ የኩላሊት እጥበትም እንደዛው፣ ያ መኪና ሜክሲኮ ላይ የሚለምነው ለምን እንደሆነ አሁን ገባችሁ። ለደሞዝተኛ ደግሞ የታሰበው ያ በአዋጅ 690 የወጣው መድን እንጂ ይሄ አይደለም። የግል ኢንሹራንስ ኩባንያዎቹ የህክምና ፖሊሲ አላቸው፣ ግን ባብዛኛው ለድርጅት ሰራተኛ በቡድን ነው የሚሸጡት፣ ከዓመት ጣሪያ ጋር፣ ለአንድ ሽማግሌ አባት ልግዛ ብትሉ ዕድሜውን ሲሰሙ ፊታቸው ይለወጣል።

ቢሆንም ግፊትና ስኳር ያለባቸው እናት በየወሩ ጤና ጣቢያ እየታዩ መድሃኒታቸውን ከያዙ ያ የሌሊት ስልክ ላይመጣ ይችላል፣ ወይ በአምስት ዓመት ይዘገያል። አንድ የምጨምረው ካዛንቺስና ፒያሳ የነበሩ፣ አሁን ወደ ገላን ጉራና ሌላም የከተማ ዳር የሄዱ ዘመዶች ያላችሁ በአዲሱ ወረዳ ምዝገባቸው ምን ላይ እንዳለ ጠይቁ፣ እድራቸው አሁንም እዚህ መሃል ከተማ ስለሆነ ሁሉም ነገር እንደዛው ያለ ይመስላቸዋል።

ለመመለስ ላሰባችሁ የመጨረሻው ጉዳይ፣ ምክንያቱም ጋሼ ከሲያትል ጠይቀውኛል። ሜዲኬር (አሜሪካ በዋናነት 65 ለሞላው የምትሰጠው የመንግስት መድን) እዚህ አይከፍልም፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታ በቀር ከአሜሪካ ውጭ አይሰራም፣ ስለዚህ ብዙ ሰው አዲስ አበባ ልኖር ፓርት ቢ (የሐኪምና የተመላላሽ ህክምናው ክፍል) ምን ያደርግልኛል ብሎ ይተወዋል። ፓርት ኤ (የሆስፒታሉ ክፍል) አስር ዓመት ታክስ ለከፈለ በነጻ ነው፣ እሱን ያዙት። ፓርት ቢ ግን 2026 ላይ በወር 202.90 ዶላር ነው፣ ከተዋችሁት በያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር 10 በመቶ ቅጣት ይጨመራል፣ ዕድሜ ልክ። 65 ሞልቶት ትቶ አምስት ዓመት እዚህ ኖሮ የሚመለስ ሰው በዛሬው ዋጋ በወር ወደ 304 ዶላር ይከፍላል ማለት ነው፣ መመዝገብም የሚችለው ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 ነው፣ በመሃል ኤፕሪል ላይ ልብ ቢያመው እስከሚቀጥለው ጃንዋሪ ይጠብቃል። ይሄም ያው ግዴታ ነው፣ ስሙን ቀይሮ እንጂ፣ ሜዲኬርን ሶሻሊዝም ነው የሚል ሽማግሌ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ጋሼ፣ እኔ ብሆን በየዓመቱ ሁለት ሦስት ወር እዛ የምቀመጥ ከሆነ አልተወውም፣ ጠቅልዬ ከመጣሁና ልብና ኩላሊቴ ደህና ከሆኑ ግን በወር 202 ዶላሩን እዚህ ለብቻው ባስቀምጠው ይሻለኛል፣ ይሄ ግን ሐኪምዎ የሚያውቀው ነገር ላይ ነው የሚወሰነው እንጂ እኔ ላይ አይደለም።

65 ያልሞላችሁ ደግሞ ጨንቋችሁ አትቅሩ፣ ከውጭ አገር ተመልሶ የሚገባ ሰው በ60 ቀን ውስጥ ማርኬትፕሌስ መመዝገብ ይችላል፣ ኖቬምበርን መጠበቅ የለበትም።

ፓርት ቢ ትቶ እዚህ ኖሮ ከዛ የተመለሰ ሰው ካለ ስንት እንደጨመሩበት ይጻፍልን፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሄዶ ያናገረ ሰው ቢሆን ይመረጣል። የዳላሱ ወንድሜ፣ እትዬ ትናንት ምርኩዝ ይዘው እስከ በር ድረስ ሄደዋል፣ ፊዚዮቴራፒው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚሆን ማታ በስልክ እንነጋገር።