የዛገ አይሱዙን በደረጃ ለማደስ ከየት ልጀምር?

ጠያቂ (ሰላ ድንጋይ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ትቶልኝ የሄደው አሮጌ አይሱዙ ኤንፒአር ግቢ ከቆመ ዓመታት አልፈዋል። ካቢናው ውስጥ ዶሮ እንቁላል ትጥላለች። ከሾፌሩ በር ሥር ያለው ላሜራ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ሲቆም ሞተሩ ደህና ነበር። ባለቤቴ «ለቆራሌ ሽጠህ ገላግለን» ትላለች። ገንዘቡ በአንዴ ስለሌለኝ እህል በሸጥኩ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ላሠራው አስቤያለሁ። ከቀለም ልጀምር ወይስ ከሞተር?

ባትላሜራ (ደብረ ብርሃን)፦ ከሁለቱም አይደለም፣ ከሻንሲው ነው፤ መኪናውን የተሸከመው የሥሩ ብረት ማለቴ ነው። ጭቃውን አጥበህ መዶሻ ይዘህ ከሥሩ ግባ። ኳ ኳ አድርገው። ደህና ብረት ይጮሃል፤ የተበላው ድምፁ ድፍን ነው። ባሌስትራው (የጎማው ሞላ) የታሰረበት አካባቢና ብረት በብረት የተደረበበት ቦታ ላይ በካቻቢቴ ውጋው፤ ውሃ የሚተኛው እዚያ ነው። ሻንሲው ካለቀለት የባለቤትህን ምክር ስማ። ደህና ከሆነ ካቢናው አያስፈራህ፤ ላሜራ ተቆርጦ ይለወጣል። ዝገት ላይ ስቱኮ ለጥፌ ቀለም ልቀባልህ የሚል ከመጣ ግን አባረው። ውስጡን ለቄስ ነው፤ ክረምት ሲያልፍ አብጦ ይላጣል።

ሜካኒክ (ደብረ ሲና)፦ ከሻንሲው ቀጥሎ ሞተሩን እይ። ዝም ብለህ በሞተሪኖ (በማስነሻው) እንዳትቀሰቅሰው። ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎች አስፈትተህ በየሲሊንደሩ ትንሽ የሞተር ዘይት ጨምር፤ አሳድረውና በእጅ አዙረው። ከዞረ ዕድለኛ ነህ። የቆየውን ናፍጣ ድፋው፣ ፊልትሮም ቀይር።

ሌላ አባል፦ ሊብሬው አሁንም በአባትህ ስም ነው? እሱን ሳታስተካክል ብር አታፍስ።

ሹፌር (ሸዋ ሮቢት)፦ ሞተሩ ተነሳ ብለህ መንገድ እንዳትወጣ ወንድሜ! ከጣርማ በር እስከ እኛ ድረስ ከ1,500 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። የከረመው ዘይት ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባልሃል። ዘይቱን፣ የፍሬኑን ጎሚኒዎችና የፍሬኑን ሸራ በሙሉ ቀይር። ጎማውም ጥርሱ ቢኖር አትመነው፤ ጎኑ ከተሰነጣጠቀ አበቃ።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሊብሬውን ነገ እጀምራለሁ። ብየዳውን እዚሁ ግቢ ማሠራት ይቻላል?

ባትላሜራ (ደብረ ብርሃን)፦ ይቻላል። የባትሪውን ገመዶች ንቀል፣ የነዳጅ ታንኩን አውርደህ አርቀው። ባዶ ነው ብለህ አትናቀው፤ የሚፈነዳው ትነቱ ነው። ሥራውን ደግሞ ቁርጥራጭ አድርገው፤ በአንድ ቀን ቀብተህ የማትጨርሰውን ቦታ አትፋቅ። እኛ ደጋ ነን፤ ራቁቱን ያደረ ብረት ጤዛ ካገኘው ጠዋት ቀልቶ ይጠብቅሃል። በብረት ብሩሽ የፋቅከውን በዚያው ቀን ጸረ ዝገት ቀባው። የመጨረሻውን ቀለም ለበጋ አቆየው። በሐምሌና ነሐሴ የሚቀባ ሰው ካየህ፣ ወይ ቸኩሏል ወይ የሰው መኪና ነው።